ከአልጋው ሥር የተቀመጠ አደራ

በዚያ ክረምት ደሜን ያፈላው ነገር ፊልም ነበር። የሲኒማ አይደለም፣ የራጅ ፊልም ነው። ጭሮ ውስጥ በአንዲት ትንሽ የግል ክሊኒክ የራጅ ባለሙያ ነበርኩ። ማሽናችን አሮጌ ስለሆነ እንደ ዘመኑ በኮምፒውተር ሳይሆን በፊልም ነበር የሚያነሳው፤ ፊልሙን ጨለማ ክፍል ውስጥ በመድኃኒት አጥቤ፣ አድርቄ፣ ብርሃን ላይ ሰቅዬ ለሐኪሙ አሳያለሁ። ታዲያ ከሐምሌ መግቢያ ጀምሮ ያጠብኩት ሁሉ እየጠቆረ ይወጣ ጀመር። የሰው ደረት አነሳለሁ፣ የሚወጣልኝ የጭሮ ጉም ነው።

እኔ ደግሞ ቁጡ ነኝ፤ አልደብቅም። መጀመሪያ ማጠቢያ መድኃኒቱን ረግሜ ደፋሁትና አዲስ በጠበጥኩ። ቀጥሎ ቀዩን አምፖል ቀየርኩ። የጨለማውን ክፍል በር ስንጥቅ በጥቁር ፕላስቲክ ደፈንኩ። ይኸም አልሆን ሲል ፊልሙን የላከልንን የአዲስ አበባ ነጋዴ ደውዬ አምባረቅኩበት፤ ጊዜው ያለፈበት ዕቃ ነው የሸጥክልን አልኩት። ሰውየው ግን ረጋ ብሎ «ወንድሜ፣ ከዚያው ዕቃ ለስንት ከተማ ልኬያለሁ፤ ያንተን ስሞታ ያሰማኝ የለም» አለኝ። እርጋታው ጭራሽ አናደደኝ። የክሊኒኩ ባለቤትም አንድ ቀን ሦስት የተበላሹ ፊልሞች ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጦ «ችግሩ ከእጅህ እንዳይሆን» ብሎኝ ወጣ። ያን ቀን ምሳ አልበላሁም።

ነገሩ የጀመረው በጣራ ነበር። የክሊኒኩ ዕቃ ቤት ማፍሰስ ሲጀምር፣ ፊልም እርጥበት አይወድም ብዬ ካርቶኖቹን ወደ ተከራየሁበት ቤት ወሰድኳቸው፤ የቀኑን ብቻ ጠዋት ጠዋት ይዤ እወጣለሁ። ክፍሌ ደረቅ ናት፣ ጨለም ያለች ናት። ካርቶኖቹን ከአከራዬ መኝታ ቤት ጋር በሚያገናኘኝ የጭቃ ግድግዳ ላይ አስደግፌ አቆምኳቸው። ከዚህ የተሻለ የፊልም ቦታ በከተማው የለም ብዬ ራሴን አመስግኜ ነበር።

አከራዬን እማማ እያልኩ ነው የምጠራቸው፤ እዚህም እማማ ልበላቸው። ከጎጃም መጥቼ አምስት ዓመት ሙሉ የኖርኩት በእሳቸው ግቢ ነው። በሁለተኛው ዓመት ታይፎይድ ሲጥለኝ፣ ማንም ሳያዛቸው አጥሚት እየሠሩ ያስታመሙኝ፣ ላብ ያራሰውን አንሶላዬን ያጠቡልኝ እሳቸው ናቸው። ስቆጣ ይስቁብኛል። «አንተ ጎጃሜ፣ ሰው ሲስቅ ጥርሱ አይረግፍም፤ ሞክረው አቦ!» ይሉኛል። አቦን እንደ አገሩ ልጅ አስረዝመው ነው የሚሏት። ጭሮ ተወልደው፣ ጭሮ ተድረው፣ ባላቸውንም እዚያው የቀበሩ ሰው ናቸው።

ባላቸው የቡና ነጋዴ ነበሩ። ከመቻራ ቡና እየሰበሰቡ ያመጡ ነበር፤ በዚያ በሚያንገጫግጭ መንገድ ጀርባቸው እስኪጎብጥ ተመላልሰውበታል። በከተማው የሚታወቁት ግን በቡናቸው ሳይሆን በአደራቸው ነው። ከመቻራም ከመሰላም ለገበያ የመጣ ሰው፣ እስላም ይሁን ክርስቲያን፣ ዕቃውን እነሱ ቤት ጥሎ ይሄዳል። አንዱ የመሬት ወረቀቱን፣ አንዱ የሚስቱን ጌጥ፣ አንዱ በጨርቅ የተጠቀለለ ምንነቱ የማይታወቅ ነገር። ምን እንደሆነ አይጠየቅም፤ አይከፈትም፤ ለሌላ ሰው አይሰጥም። ቦታውም የታወቀ ነው፣ የባልና ሚስቱ አልጋ ሥር። አደራ ጠባቂ በላዩ ላይ ይተኛል። ሌባ ቢመጣ መጀመሪያ እኔን ነው የሚያነሳው ይሉ ነበር አሉ ሰውየው።

ባላቸው ሲያርፉ እማማ ከአልጋው ሥር የነበረውን ሁሉ አንድ በአንድ ለየባለቤቱ አስረክበዋል። ከአንዱ ባለቤት ቤት ለመድረስ ሂርና ድረስ በሚኒባስ ሄደው፣ ሰውየው ሞቶ ቢያገኙት ልጁን ፈልገው ሰጥተው ተመልሰዋል። ይህን ሲያወሩ ድምፃቸው ቀና ይላል። አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ ይላል ሰው፤ እሳቸው ግን ተረት አይተርቱም፣ ያደርጉታል።

ሰኔ አጋማሽ ላይ የባላቸው የክርስትና ልጅ መጣ። ሠላሳዎቹ ውስጥ ያለ፣ ምላሱ የሚያበላው ደላላ ነው። ቡና ያሻሽጣል፣ መኪና ያሻሽጣል፣ ከሚኤሶ በኩል የሚገባ የኮንትሮባንድ ዕቃም ያሻሽጣል ይባላል። ግቢ ውስጥ ልብስ እያጠብኩ ነበር። በሽቦ የታሰረች ትንሽ የጣውላ ሣጥን በፌስታል ይዞ ገባና የእማማን ጉልበት ስሞ «ይህቺን አደራ። ከእኔ በቀር ለማንም እንዳይሰጡብኝ፤ እንዳይከፍቷትም» አላቸው። እማማ ተቀየሙ። «በዚህ ቤት አደራ ተከፍቶ ያውቃል? ወላሂ የክርስትና ልጃችን ባትሆን ኖሮ አልቀበልህም ነበር!» ብለው ተቆጡት። እሱም እየሳቀ ሣጥኗን እስከ መኝታ ቤት አስገባላቸው። እኔ ካልሲዬን ማሸቴን ቀጠልኩ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ይኸው ልጅ ክሊኒክ መጣ። የቀኝ እጁ ሦስት ጣቶች ቀልተው፣ አብጠው፣ ውኃ ቋጥረዋል። ነርሷ በምን ተቃጠልክ ስትለው በባትሪ አሲድ አላት። አጥንቱ እንዲታይ ወደ እኔ ተላከ። ፊልሙ እንደ ልማዱ ደፍርሶ ወጣ፣ እኔም እንደ ልማዴ ተናደድኩ፤ አጥንቱ ግን ደህና ነበር። ሊወጣ ሲል በሩን ገፋ አድርጎ ዘጋና «እንዲያው አንድ ነገር ልጠይቅህ። በዚህ ማሽን ዩራኒየም መለየት ይቻላል?» አለኝ።

የደላላ ወሬ ነው። በየከተማው ሻይ ቤት ቀይ ሜርኩሪ አለኝ፣ ዩራኒየም አለኝ የሚል ሰው አይጠፋም፤ ሻጩም ውሸታም፣ ገዢውም ሞኝ ነው። ስቄ «ካገኘህ ለእኔም አምጣልኝ፣ ወጥ እሠራበታለሁ» አልኩት። እሱም ሳቀ። በዚያች ክፍል ውስጥ ስለ ጨረር የተማርኩት እኔ ነኝ። ጣቱን በእጄ ይዤ አይቼዋለሁ። እንዲያው አንዴ እንኳ «ለምን ጠየቅኸኝ?» ብለው ምን ነበረበት! ይኸው እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

በዚያው ሰሞን እማማ መድከም ጀመሩ። መጀመሪያ የምግብ ፍላጎታቸው ጠፋ፤ ጾም ነው ብለው አለፉት። ከዚያ ማስመለስ መጣ። ክሊኒካችን ታይፎይድ ነው አለ፣ መድኃኒት ሰጠ። ሌላው ጨጓራ ነው አለ። ጎረቤት ጠበል ይጠመቁ አለ፤ ሁለት ሳምንት ጠዋት ጠዋት ተጠመቁ። ሐምሌ ሲያልቅ የበረንዳውን ደረጃ ለመውጣት ግድግዳ ይደግፉ ጀመር። ክንዳቸው ላይ ማንም ሳይመታቸው የሚበልዝ ነጠብጣብ አየሁባቸው። «እርጅና ነው፤ አንተም ትደርስበታለህ» ብለው ነጠላቸውን ሳቡበት።

ነሐሴ በገባ በሁለተኛው ሳምንት፣ ሰኞ ጠዋት፣ ቁርጤን ልወቅ ብዬ ተነሳሁ። ከቤት ካመጣሁት ካርቶን፣ ግድግዳውን ተደግፎ ከነበረው፣ አንድ ፊልም አወጣሁ። ማሽን ውስጥ አላስገባሁትም፤ ምንም ሳላነሳበት በቀጥታ አጠብኩት። ፊልሙ ጤነኛ ከሆነ ባዶና ጥርት ያለ ሆኖ መውጣት አለበት። ብርሃን ላይ ሰቀልኩት። ጥቁር ነው። ጥቁሩ መሃል ላይ፣ ጠርዙ ትንሽ የተድበሰበሰ፣ ነጭ መቀስ።

መቀሱን አወቅሁት። የጢም መቀሴ ነው፤ ጠፋብኝ ብዬ ከወር በላይ ስፈልገው የነበረ። ግድግዳው ላይ ከሚስማር ተሰቅሎ ነበር፤ ካርቶኖቹን ሳቆም ከኋላቸው ተሸፍኖ ቀርቷል። ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ። ሃያ ዓመት ሊሞላው ጥቂት የቀረው ሥራዬ ነው፤ ፊልም ላይ ጥላ እንዴት እንደሚያርፍ አውቃለሁ፤ ጨረር ያገኘው ይጠቁራል፣ ብረት የከለለው ነጭ ሆኖ ይቀራል። መቀሱ ጥላውን የጣለው፣ ጨረሩ ከመቀሱ ኋላ ስለመጣ ነው። ከመቀሱ ኋላ ግድግዳ አለ። ከግድግዳው ኋላ የእማማ አልጋ አለ። ከአልጋው ሥር ደግሞ ምን እንዳለ እኔ ልብስ ሳጥብ አይቻለሁ። የልጁ ጣቶች ትዝ አሉኝ፣ የጠየቀኝ ጥያቄ ትዝ አለኝ፣ የእማማ ክንድ ትዝ አለኝ። በቁሜ ደረቅሁ ማለት ምን እንደሆነ ያን ቀን ተቀምጬ አወቅሁት።

ቤት ስደርስ በረንዳቸው ላይ ምስር እየለቀሙ ነበር።

«እማማ፣ ከአልጋዎ ሥር ያለው ሣጥን ምንድን ነው?»

«የሰው ነው» አሉኝ ቀና ሳይሉ።

«ምን እንዳለበት ያውቃሉ?»

«አደራ ነው። አደራ ስም የለውም።»

የምችለውን ያህል አስረዳኋቸው። የማይታይ፣ የማይሸት፣ ግድግዳ የሚያልፍ እሳት ነው አልኳቸው። ሕመማቸው ሁሉ ከእሱ እንደሆነ ነገርኳቸው። ፊልሙን አሳየኋቸው። መቀሱን አይተው «እሰይ፣ ተገኘልህ» አሉኝና ወዲያው ፈገግታቸው ጠፋ። «እሳት ቢሆን ጣውላው አይቃጠልም ነበር?» አሉ። መልሱን ባውቀውም ለእሳቸው የሚሆን አማርኛ አጣሁለት።

«አሁኑኑ ከቤት መውጣት አለበት። ለፖሊስ ልደውል» አልኩ።

ምስሩን አስቀመጡት። እጄን ያዙኝ፤ እጃቸው ቀዝቃዛ ነበር። «ስማኝ። ልጁ ሐሙስ እመጣለሁ ብሎ ደውሎልኛል። ዛሬ ሰኞ ነው። ሐሙስ ይውሰድልኝና ከዚያ የፈለግከውን አድርግ። ባለቤቱ ሳይመጣ አደራውን ለፖሊስ የሰጠች ተብዬ ነው የምቀበረው? ባሌ አጥንቱ ይፈርድብኛል። ማሎ፣ እባክህ ልጄ። በሞቴ!»

በሞቴ ያለን ትልቅ ሰው እምቢ ማለት እንዴት እንደሚቻል የሚያውቅ ካለ ይንገረኝ። እኛ ከዚህ ቃል ጋር አብረን አድገናል፤ በሞቴ ከተባለ የጠገበ ይጎርሳል፣ የተጣላ ይታረቃል። ደግሞም ሰበብ አላጣሁም። እማማን ፖሊስ እየጎተተ ሲወስዳቸው ታየኝ። ምናልባት ተሳስቼ እንደሆነስ፣ የከተማው መሳቂያ ብሆንስ አልኩ። ስምንት ሳምንት ገደማ የቆየ ነገር በሦስት ቀን ምን ይጨምራል አልኩ። እሺ አልኳቸው። እጃቸውን ስሜ፣ እሺ አልኩ።

«እንግዲያስ እስከ ሐሙስ ሳሎን ይተኙ፤ ከአልጋው ይራቁ» አልኳቸው።

«አደራውን ጥዬ? ወይ አንተ!» ብለው ሳቁ። «ይልቅ የእኔን ተወውና የተበላሸብህን ፊልም አስተካክል።»

አሁን የምጽፈውን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ክፍሌ ገባሁ፤ የእኔ አልጋ ከማዶው ግድግዳ ጋ ነው፣ ከሣጥኗ ራቅ ይላል። ከሙያዬ የተነሳ ርቀት ምን ያህል እንደሚያተርፍ አውቃለሁ፤ ቁጭ ብዬ በልቤ አሰላሁት። ያን ያህል አያሰጋኝም ነበር። ሆኖም ፈራሁ። ፍራሼን ጠቀለልኩ። እማማ በር ላይ አይተው «ወዴት ነው?» ሲሉኝ ዓይኔን በጨው አጥቤ «ክሊኒክ ተረኛ ነኝ፤ ሰሞኑን እዚያው ነው የማድረው» አልኳቸው። ክሊኒካችን ተረኛ ኖሮት አያውቅም፤ ማታ ይዘጋል። እሳቸው ግን አላጣሩም። ብርዱ ከባድ ነው ብለው የባላቸውን ጋቢ አውጥተው ሰጡኝ። ተቀብዬ ሄድኩ።

ማክሰኞና ረቡዕ ምሳ ሰዓት ላይ እየሄድኩ አየኋቸው። ከግቢው በር አላለፍኩም። «ግባ እንጂ፣ ምን ያስቆምሃል?» ይሉኛል፤ ሥራ አለብኝ እላለሁ። ረቡዕ ዕለት ዳቦ ቆርሰው ሊሰጡኝ ወደ በር መጡ። እሳቸው ከነከሱት በኩል ዳቦው ላይ ደም ነበረበት፤ ድዳቸው እየደማ ነው። አዩትና አፍረው በነጠላቸው ጠረጉት። እኔም ያላየ መስዬ ዳቦዬን ተቀበልኩ። ወንድ ልጅ ነኝ፣ ባለሙያ ነኝ፣ የተማርኩ ነኝ፤ ገብቼ ያቺን ሴትዮ አንጠልጥዬ ማውጣት ስችል ዳቦ ይዤ ወደ ክሊኒክ ተመለስኩ።

ሐሙስ ልጁ አልመጣም። ስልኩ ዝግ ነው። እስከ ስምንት ሰዓት ጠበቅሁ። ከዚያ በማሽናችን የፈቃድ ወረቀት ላይ ስልኩ ወዳለው፣ አዲስ አበባ ወደሚገኘው የጨረር ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ደወልኩ፤ ያነሳችው ሴት ስለ መቀሱ ስነግራት ድምጿ ተለወጠ። «ቤቱ ውስጥ ሰው አለ?» አለች። አለ አልኩ። «አሁን ያውጡት፤ በዚህች ደቂቃ!» አለችኝ። ስልኩን እንደያዝኩ ሮጥኩ፤ ለመሮጥ ሦስት ቀን ዘግይቼ።

እማማን ያወጣኋቸው በመንገዴ ከጠራኋቸው ፖሊሶች ጋር ነው። አልታገሉም፤ አቅሙም አልነበራቸውም። አንዱ ወጣት ፖሊስ በኦሮምኛ እያባበለ ደግፎ አወጣቸው። በር ላይ ሲደርሱ ግን መቃኑን ይዘው ቆሙና ወደ እኔ ዞሩ። «ዛሬ እኮ ገና አልመሸም» አሉኝ። «ሐሙስ አላለቀም።» አቀረቀርኩ። ሐኪም ቤት ወሰዷቸው፤ ከዚያም በማግስቱ በአምቡላንስ ወደ አዲስ አበባ።

ዓርብ ጠዋት የጨረር ባለሙያዎቹ ደረሱ። የያዙት መሣሪያ ገና ከአጥሩ ውጭ መንጫጫት ጀመረ። ሰፈሩን ባዶ አደረጉት፤ ሰው ሁሉ ወደ ላይኛው መንገድ ወጥቶ በየድንጋዩ ላይ ቆሞ ያያል፣ ጫት የጫኑ መኪኖች ሳይቀሩ ቆመዋል። ሣጥኗን በረጅም መቆንጠጫ አውጥተው ጨረር የማያሳልፍ ወፍራም የእርሳስ ጋን ውስጥ ከተቷት። ውስጧ የነበረው፣ በጨርቅ የተጠቀለለ፣ ከትንሽ ጣት የማይበልጥ ብረት ነው። መጀመሪያ በእርሳስ ዕቃ ውስጥ ነበር አሉ፤ ልጁ እርሳሱ ይከብዳል ብሎ፣ ደግሞም ለብረት ገዢ ሸጦት፣ እርቃኑን በጣውላ አሽጎ ነው ያመጣው። ጣቶቹ የተቃጠሉት ያን ጊዜ ነው። ከየት እንደተሰረቀ ግን አልነገሩኝም፤ እነሱም ገና እየፈለጉ ነበር።

ከመካከላቸው በዕድሜ የገፋው ሰው ከእኔ ጋር ሻይ ጠጣ። ሣጥኗን ሊገዙ የነበሩት እነማን እንደሆኑ ስጠይቀው አላውቅም አለኝ። «ልጁ ዩራኒየም ነው ብሎ ነው የሚያሻሽጠው፤ አይደለም። ግን ለክፉ ሰው ከበቂ በላይ ነው» አለ። «ከፈንጂ ጋር ያስሩታል። ገበያ መሃል ያፈነዱታል። ፍንዳታው የሚገድለው ይገድላል፤ ብናኙ ግን ከተማውን ሁሉ ይበክላል። ሰው ቤቱን ጥሎ ይወጣል፣ አይመለስም። ቆሻሻ ቦምብ ይሉታል።» ያን ጊዜ ወደ ታች ገበያውን አየሁት። ቃሉን ከዚያ በፊት በዜና ሰምቼዋለሁ፤ የትላልቅ አገሮች ጭንቀት ይመስለኝ ነበር። እንዲህ ያለ ክፉ ነገር ተጉዞ ተጉዞ ሲያበቃ የሚያድርበት ቦታ ሲፈልግ፣ ከእማማ አልጋ ሥር የተሻለ አላገኘም። የታመኑ ስለሆኑ ነው። ሌባ ቤት ቢቀመጥ ኖሮ ሌባው ከፍቶ አይቶ ይጥለው ነበር።

ልጁ ረቡዕ ዕለት ከሚኤሶ ወዲህ ባለ ኬላ ተይዞ ኖሯል፤ በሌላ የኮንትሮባንድ ዕቃ ነው የያዙት። ስልኩ የተዘጋው ለዚህ ነው። እማማ ሲጠብቁት እሱ እስር ቤት ነበር። ስለ ሣጥኗ ግን አልተነፈሰም። ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ ይባላል፤ እኔ ግን እሱን ለመርገም አፌን ስከፍት የራሴ ነገር ይመጣብኛል።

መርማሪው «ነገሩን ያወቅኸው መቼ ነው?» ብሎ ጠየቀኝ።

«ሐሙስ» አልኩ።

ጻፈው። ንቃት ላሳየ ባለሙያ ተብሎ ማኅተም ያረፈበት የምስጋና ደብዳቤም ደረሰኝ። የክሊኒኩ ባለቤት ይቅርታ ጠየቀኝና ደብዳቤውን በፍሬም አድርጎ ግድግዳ ላይ ሰቀለው። ወር ሳይሞላ ሥራውን ለቀቅሁ።

እማማን አዲስ አበባ ሆስፒታል ያገኘኋቸው መስከረም መጨረሻ ላይ ነው። አፍና አፍንጫዬን ሸፍነው፣ የሐኪም ልብስ አልብሰው አስገቡኝ። ከመግባቴ በፊት ሐኪሙን በኮሪደሩ ይዤ «ሦስት ቀን ቀደም ብለው ቢወጡ ኖሮ ለውጥ ነበረው?» አልኩት። «ይህን ማንም ሊነግርህ አይችልም» አለኝ። አይሆንም እንዲለኝ ነበር የፈለግሁት።

ፀጉራቸው ሁሉ ረግፏል። ጭንቅላታቸው ትንሽ፣ የሕፃን ያህል ሆኗል። እኔን ለመለየት ጊዜ ወሰደባቸው፤ በዓይኔ ነው ያወቁኝ።

«ጎጃሜ» አሉኝ። «ልጁ ወሰደው?»

«የለም እማማ። መንግሥት ዘንድ ነው።»

ዓይናቸውን ጨፈኑ። «አደራ በላሁ» አሉ። «በስተርጅና አደራ በላሁ።»

አልበሉም፣ የበላው ሌላ ነው፣ አልኳቸው። እንደ ሕፃን ለመንኳቸው፤ የማደርገውን አላውቅም ነበር። በእሳቸው አደራ ጠባቂነት አንድ ሙሉ ከተማ ተረፈ ብዬ ሁሉ ተናገርኩ። አልሰሙኝም። እንባቸው በጆሯቸው በኩል ወደ ትራሱ ይወርዳል። እኔም አለቀስኩ፤ መሸፈኛው ረጠበብኝ። ያን ጊዜ ልነግራቸው ወሰንኩ። ተረኛ አልነበርኩም፣ ፈርቼ ነው የሸሸሁት፣ እርስዎን በላዩ ላይ ትቼ ነው የሄድኩት፣ አደራ የበላሁት እኔ ነኝ፣ ልላቸው አፌን ከፈትኩ።

እሳቸው ግን ቀደሙኝ። ጓንት ያጠለቀ እጄን ፈልገው ያዙት።

«አንተስ? ደህና ነህ ወይ? መረመሩህ?»

«ደህና ነኝ እማማ። ምንም የለብኝም አሉ።»

«ተመስገን!» አሉ። ፊታቸው ላይ እዚያ ከገባሁ ጀምሮ ያላየሁት ዕረፍት መጣ። «እዚህ ተኝቼ እሱን ነው የማስበው። እንኳን ያን ሰሞን ተረኛ ሆንክ! እግዚአብሔር ነው ከዚያ ቤት ያወጣህ። እኔስ ኖሬያለሁ። አንተን አተረፈልኝ፣ ልጄ። እሱ ይክበር ይመስገን፤ አሜን በል።»

አሜን አልኩ።